በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ፍርድ

ዳስ የቲያትር ማኅበር በሚያሳየው ቲያትር ሁሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ደብዳቤ አለ። ታሪክ ቀመስ ቲያትር ያለ ደብዳቤ አይሄድም፤ ንጉሥ ለመኳንንቱ ይጽፋል፣ የሸፈተ ራስ እርቅ ይለምናል፣ ሩቅ አገር የተዳረች ልጅ ለእናቷ ናፍቆቷን ትልካለች። እነዚህን ደብዳቤዎች ሁሉ ለዐሥራ አራት ዓመት በእጁ የጻፈው ተኽላይ አጽብሃ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ተመልካች አንዲት ፊደል እንኳ ለይቶ ሊያይ እንደማይችል ያውቃል። ቢሆንም ባዶ ወረቀት ጠቅልሎ ለተዋናይ ሰጥቶ አያውቅም።

የተወለደው አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። አባቱ ከአክሱም አጠገብ ካለች መንደር መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት በጥበቃ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት ግን የደብር ጸሐፊ ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው በመቃ ብዕር ቁም ጽሕፈት ያስጠኑት ነበር። «ፊደል እግሩን አንፈራጥጦ አይቆምም» እያሉ ጣቱን በብዕሩ ጫፍ ይነኩታል። ቤት ውስጥ የሚነገረው ትግርኛ፣ ደጅ የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ በየትኛውም ቢጻፍ ግን ጽሕፈቱ እኩል ማማር ነበረበት።

አድጎ እንጀራው ያደረገውም ይህንኑ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። የተበደለ ሰው ነገሩ ይረዝማል፤ ከአያቱ ይጀምርና በጎረቤቱ ውሻ በኩል ዞሮ ይመጣል። የተኽላይ ሥራ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዳኛው የሚሰማውን መርጦ በአንድ ገጽ ማስፈር ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች አንድ በአንድ የጽሕፈት መኪና ሲገዙ እሱ በእጁ መጻፉን አልተወም። አንዳንድ ባለጉዳይ «የሱ ጽሕፈት ዳኛ ያለዝባል» ብሎ ከሩቅ ሠፈር ይመጣለት ነበር።

በ1985 ዓ.ም. አንድ ጧት፣ ቁመቱ ከጃንጥላው የሚበልጥ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው መጥቶ ከፊቱ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«ለንጉሥ የሚቀርብ ማመልከቻ ትጽፍልኛለህ?» አለው።

ተኽላይ ከወረቀቱ ቀና አላለም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። «ለየትኛው ንጉሥ?»

«ለኔ።»

ሰውየው የዳስ ማኅበር ተዋናይ ገብረጻድቃን ነበር። በአዲሱ ቲያትራቸው ውስጥ አንዲት ባልቴት ለንጉሡ አቤቱታ ታቀርባለች፤ ያቺን አቤቱታ እውነተኛ ማመልከቻ ጻፊ እንዲጽፍለት ፈልጎ ነው የመጣው። ተኽላይ ጻፈለት፤ በሳምንቱም ተጋብዞ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠና የጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በንጉሡ ፊት ሲነበብ ሰማ። በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ማመልከቻው ተጀምሮ እስኪያልቅ ሲነበብ የሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ወሩ ሳያልቅ ጃንጥላውን አጥፎ ማኅበሩ ውስጥ ገባ።

የማኅበሩ አዳራሽ ከካዛንቺስ መናኸሪያ ወረድ ብሎ የሚገኝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ወንበር የሚይዝ የድሮ መሰብሰቢያ ነው። ተኽላይ የመድረክ ዕቃዎች ኃላፊ ነው። ዕቃ ክፍሉ ደግሞ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ዙፋኑ ሰንጋ ተራ ከፈረሰ አንድ ፀጉር ቤት የተገኘ ወንበር ነው፤ ቀይ ከፈይ ከለበሰ ወዲህ አራት ነገሥታት ተቀምጠውበታል። ጎራዴዎቹ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጠው የተሠሩ ናቸው። ጋሻዎቹ የበርሜል ክዳኖች ናቸው፤ በቆዳ ስለተለበጡ ከሩቅ ያምራሉ፣ መሬት ሲነኩ ግን እንደ በርሜል ክዳን ይጮኻሉ። ስለዚህ በዳስ ቲያትር ውስጥ ጋሻውን ጥሎ የሚሸሽ ወታደር የለም።

ከዕቃው ሁሉ የሚወደው ደብዳቤዎቹን ነው። ወረቀቱን ሻይ ውስጥ ነክሮ፣ ገመድ ላይ አድርቆ፣ ብራና ሲመስል ይጽፍበታል፤ ከጫማ ሶል በቀረጸው ማኅተም ያትመዋል። ተዋንያኑ ይህን ካወቁ በኋላ ደብዳቤ ማጥናት ተዉ። መልእክተኛው ያቀብላል፣ ባለጉዳዩ ይከፍታል፣ የተጻፈውን ያነባል። በማኅበሩ ውስጥ «ደብዳቤ አይጠናም» የተባለ ሕግ ወጣ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ያልተከተለው ተዋናይ ግን የለም።

በ1999 ዓ.ም. ማኅበሩ የሚያሳየው ሁለት ቲያትር ነበር። ዓርብ ዓርብ የርስት ክርክር ያጣላቸው እህትማማቾች ታሪክ ይታያል። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ «የወህኒ አምባ ቁልፍ»። ይኸኛው በጎንደር ዘመን ላይ የተመሠረተ ፈጠራ ነው፦ ዙፋን እንዳይመኝ ተብሎ ሠላሳ ዓመት አምባ ላይ የታሠረ የንጉሥ ወንድም ለንጉሡ ደብዳቤ ይልካል፤ ንጉሡ በሦስተኛው ክፍል ያነበዋል፣ ከዚያ ተነሥቶ ፍርዱን ይሰጣል። ፍርዱ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሰው አዳራሹን የሚሞላው ያችን ገጽ ተኩል ከገብረጻድቃን አፍ ለመስማት ነው።

ገብረጻድቃን ግን ስድሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ ቃልም ሊሸሸው ጀምሯል። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር የሚጠፋበት፤ በኋላ ዐረፍተ ነገር ሆነ። በሚያዝያ አንድ እሑድ ፍርዱን ጀምሮ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ። ወደ መጨረሻው ቃል ዘሎ «ወንድሜን አምጡልኝ!» አለ። ወንድሙ መጣ፣ ተቃቀፉ፣ መጋረጃው ተዘጋ። ተመልካቹ ንጉሡ ለምን እንደማረው ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

አዘጋጇ ራሕዋ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ያጠናች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ያን ቀን ተኽላይ ጎራዴዎቹን እየሰበሰበ ሳለ መጥታ ከገብረጻድቃን ፊት ቆመች።

«ጋሽ ገብረጻድቃን፣ ይህን መናገር ለኔ ቀላል አይደለም» አለች። «የሚመጣው እሑድ ፍርዱ እንደገና ከተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲያ ንጉሡን ኪዱ ይጫወተዋል።»

ኪዱ ከንጉሡ ጎን የሚቆመውን ባለሟል የሚጫወት፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ የሆነ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው ተዋናይ ነው።

«ልክ ነሽ፤ ሰው ከፍሎ ነው የሚገባው» አለ ገብረጻድቃን።

እሷ ስትሄድ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠና ዘውዱን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገው። ተኽላይ ጎራዴ መቁጠሩን ተወ።

«ወታደር ሆኜ ጀምሬ ራስ ሆንኩ፤ ከራስነት ንጉሥ ሆንኩ» አለ ገብረጻድቃን። «ከዚህ ወርጄ ምን እሆናለሁ ሓወይ፣ ወንድሜ? ቤት ውስጥ እኮ የሚሰማኝ የለም። ሚስቴ ሬዲዮኑን ትከፍትብኛለች።»

«ጋሼ፣ እስኪ ዝም በል፤ እያሰብኩ ነው» አለው ተኽላይ።

ያሰበው ይህን ነበር። ደብዳቤ አይጠናም። ንጉሡ ፍርዱን የሚሰጠው ደብዳቤውን አንብቦ እንደጨረሰ ነው፤ ጥቅልሉ እጁ ላይ ነው። ታዲያ ከወንድሙ ደብዳቤ በታች ፍርዱ ተጽፎ ቢገኝስ? ንጉሡ ደብዳቤውን አንዴ አየት እያደረገ፣ አንዴ ቀና እያለ ቢፈርድ ማን ያውቃል? ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛውን ጠርጎ ጻፈው። የገብረጻድቃን ዐይን ቅርቡን ስለማያይለትና ንጉሥ መነጽር ስለማያደርግ ፊደሎቹን አተለቃቸው። ቀድሞ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ አራት ገጽ ሆነ። ሚስቱ ቅድስት በጀርባው ስታልፍ ቆም ብላ አየችው።

«ይሄንንማ ስታዲየም ማዶ ቆሜ አነበዋለሁ» አለች።

«ዋናው እሱ ማንበቡ ነው።»

«ራሕዋ ታውቃለች?»

ተኽላይ መልስ አልሰጠም። ቅድስት አስተማሪ ናት፤ የሚኮርጅ ሰው ዝምታ አይጠፋትም። መስኮቱን ከፈተችለት፣ ቀለሙ እንዲደርቅ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሁለቱ ክፍሎች ያለ እንከን አለፉ። ሦስተኛው ሲጀመር ተኽላይ እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደብዳቤዎቹ ካሉበት የቆርቆሮ ሻንጣ አጠገብ ቆሞ ነበር። እዚያ ጥግ መብራት አይበራም፤ ከበራ ብርሃኑ መድረኩ ላይ ይታያል። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን በዐይኑ ሳይሆን በእጁ ነው የሚለያቸው። ዓርብ የሚነበበው የእህትማማቾቹ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ስለሆነ ወፈር ይላል፤ የወህኒ አምባው አንድ ገጽ ስለሆነ ቀጭን ነው። መልእክተኛው እጁን ሲዘረጋ ተኽላይ እጁን ሻንጣው ውስጥ አስገባ፣ ሁለቱን ጥቅልል ዳሰሰ፣ ለሁለት ዓመት እንዳደረገው ሁሉ ቀጭኑን አውጥቶ ሰጠ።

መልእክተኛው መድረኩ መሀል ሲደርስ ነው ስህተቱ ለተኽላይ የገባው። ከትናንት ወዲህ ቀጭኑ የእህትማማቾቹ ነው።

ገብረጻድቃን ጥቅልሉን ፈታ፣ ክንዱን እስከሚችለው ድረስ አርቆ ያዘው፣ በዚያ አዳራሽ በሚያናውጥ ድምፁ አነበበ።

«ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ ወለተ ሐና!»

አንድ ሰው ሳቀ። ገብረጻድቃን ወረቀቱን ጠጋ አደረገው፣ መለስ አደረገው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከኋላ ረድፍ «ንጉሡ እህት ሆኑ እንዴ?» የሚል ተሰማ፤ ሳቁ በዛ። ከዙፋኑ ጎን የቆመው ኪዱ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የደብዳቤውን መጀመሪያ ሹክ አለው። ተኽላይ ከጥጉ ሰማው፤ ገብረጻድቃንም ሰምቷል፣ አንገቱ መለስ ብሏልና። ግን አልተቀበለም። ፊቱን ወደ አዳራሹ መለሰ። ከመጨረሻው ረድፍ በስተኋላ፣ በሩ ሥር፣ ራሕዋ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

ተኽላይ በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ተመልካች እያለ መድረክ ረግጦ አያውቅም። ወፍራሙን ጥቅልል ይዞ፣ አጠገቡ የተሰቀለውን ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሊገባ ሲል አንድ እጅ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። የአልባሳት ኃላፊዋ መብርሂት ናት።

«የት ነው አንተ?»

«ልቀቂኝ፣ ሰውየው አለቀ!»

«እንዲህ ትከሻህ ላይ ጥለህ ንጉሥ ፊት? ለቡና ነው የምትሄደው?» ኩታውን ከትከሻው ገፍፋ ወገቡ ላይ ጠመጠመችና አጥብቃ ቋጠረችው። «ጫማህን!»

«መብርሂት፣ በማርያም!»

«ጫማህን አውልቅ!»

አወለቀ። የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ካልሲውንም ራሷ ሳበችና ወደ መድረኩ ገፋችው።

መብራቱ ዐይኑን መታው። አዳራሹ ጥቁር ጉድጓድ ሆነበት። ምን እንደሚል አላሰበም ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት የጻፈው ቃል ነው።

«አቤት! አቤት! ጃንሆይ፣ አቤት!»

ሳቁ ቆመ። ገብረጻድቃን ዞሮ አየው። ፊቱ ላይ በመጀመሪያ ድንጋጤ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ታየ፤ ዳቦ ቤት በር ላይ ዘመድ ያገኘ ሰው መሰለ።

«ማነህ አንተ?»

«ጸሐፊ ነኝ ጃንሆይ። ሺህ ዓመት ያንግሥዎ። ጥፋት የኔ ነው፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው የሰጠሁት።» ተንበርክኮ ጥቅልሉን በሁለት እጁ ዘረጋ።

ገብረጻድቃን አልተቀበለውም። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ተመለከተው። «ይህ ዐይንህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ተኽላይ መነጽሩን ማውለቅ ረስቷል። በ1999 ዓ.ም. ከፒያሳ የተገዛ መነጽር ነው፤ የንጉሡ ጉባኤ ደግሞ በጎንደር ዘመን ነው።

«መስተዋት ነው ጃንሆይ። ከፖርቱጋል የመጣ።»

«ፖርቱጋሎችን አላባረርናቸውም እንዴ?»

«እነሱን እንጂ መስተዋቱን አላባረራችሁም።»

አዳራሹ ፈነዳ። ገብረጻድቃን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ሳቅ መጠበቅ አልረሳም። ከዚያ በዝግታ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። «እንዲህ ያለ ደህና መስተዋት ካለህ ቅጣትህ ይኸውልህ። የወንድሜን ደብዳቤ አንተው አንብብልኝ።»

ተኽላይ ይህን አልጠበቀም። ጥቅልሉን ፈታ። ደግነቱ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። የታሠረውን ወንድም ደብዳቤ አነበበ። መጀመሪያ ድምፁ አነሰ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ባለጉዳይ ፊት ማመልከቻውን መልሶ እንደሚያነብ ሰው ረጋ አለ። «ወንድምህ» የሚለው ፊርማ ላይ ደረሰ። ከዚያ በታች ያለው የንጉሡ ፍርድ ነው። ዐይኑን አነሣና ጥቅልሉን ወደ ዙፋኑ አስጠጋው።

ገብረጻድቃን ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። «ላብ ዐይኔ ገብቷል፤ አንዲት ፊደል አይታየኝም» አለው በሹክሹክታ። «አንተ በል።»

«ምኑን?»

«ፍርዱን። እኔ የምነግርህ እመስላለሁ፤ አንተ ጩኽበት።»

ተኽላይ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ ዞረ። «የጃንሆይ ቃል ይህ ነው!» አለ፤ የመጀመሪያውንም መስመር አነበበ። ገብረጻድቃን እንደገና ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ተኽላይ ሁለተኛውን አነበበ። እንዲህ እያሉ ገጽ ተኩሉን ሄዱበት። ንጉሡ በጆሮ ይናገራል፣ ጸሐፊው ያውጃል። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ፤ ሁሉም የማይሰማውን የንጉሡን ቃል ለመስማት ወደ ፊት ያዘነብላል። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ገብረጻድቃን እጁን ተኽላይ ትከሻ ላይ ጭኖ ተነሣና ራሱ ተናገረ።

«ወንድሜን አምጡልኝ።»

ጮክ ብሎ አልነበረም። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ጭብጨባው ቀጠለ።

ከመድረኩ ጀርባ ተዋንያኑ ተሰበሰቡ። ተኽላይ ባዶ እግሩን ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ራሕዋ በጎን በር ገባች፤ መድረኩ ላይ የቀረውን ጥቅልል ይዛለች። መብራቱ ሥር ዘረጋችው። ክንዷ አልበቃ አለ።

«ጋሽ ተኽላይ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ደብዳቤ ነው።»

«ይህ ደብዳቤ አይደለም፤ የታርጋ ቁጥር ነው። ፍርዱስ እዚህ ምን ያደርጋል?»

ተኽላይ ሊመልስ ሲል ገብረጻድቃን ቀደመው። «እሱን ተዪው። ለኔ ብሎ ነው። ዛሬም ፍርዱን አልተናገርኩም፤ አንቺም ቃልሽን ተናግረሻል። ዘውዱ ይኸው።» ዘውዱን አውልቆ ዘረጋው፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ኪዱ።

ኪዱ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። «ጋሼ፣ ኧረ ተው፣ ማለቴ ... ሹክ ያልኩህ እኮ ልረዳህ ብዬ ነው። ለምን አልተቀበልከኝም?»

«ካንተ አፍ ከተቀበልኩማ ያን ጊዜ ቦታውን አስረከብኩህ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰው ፊት አላስረክብም። እዚህ ሲሆን ግን ይኸው፣ ውሰድ።»

«አንዴ ቆዩ» አለች ራሕዋ። ጥቅልሉን ማጠፍ ጀምራ ነበር፤ ተወችው። «ጋሽ ተኽላይ፣ በጆሮ እየነገሩ ማስነገሩን ማን አመጣው?»

«እሳቸው ናቸው» አለ ተኽላይ፣ ገና ከጉባኤው ስላልወጣ።

«ላብ ነው ያመጣው» አለ ገብረጻድቃን።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ንጉሥ እያስጮኽነው ኖርን» አለች ራሕዋ፤ የምትናገረው ለራሷ ይመስል ነበር። «አፈ ንጉሥ የሚባል ማዕረግ እያለ! ንጉሥ በጉባኤ ፊት ራሱ አይጮኽም ነበር እኮ፤ ቃሉን የሚያወጣለት ሰው አለው። ይህን ለፈተና ጽፌዋለሁ፣ ማርክም አግኝቼበታለሁ። መድረክ ላይ ግን ትዝ አላለኝም።» ወደ ኪዱ ዞረች። «ፍርዱን ታውቀዋለህ?»

«በእንቅልፌም እለዋለሁ።»

«ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ አንተ አፈ ንጉሥ ነህ። ጋሽ ገብረጻድቃን በጆሮህ ይነግሩሃል፤ አንተ ታውጃለህ።»

«በቃ፣ ዘውዱ ቀርቶ ጉሮሮው ደረሰኝ» አለ ኪዱ፤ ግን እየሳቀ ነበር።

ገብረጻድቃን ዘውዱን እንደያዘ ቆሟል። ተኽላይ ፊቱን ያጠና ነበር። ሰውየው ተሸንፎ የተቀበለ እንዳይሆን ፈራ።

«የመጨረሻዋን ቃል ማን ይላታል?» አለ ገብረጻድቃን።

«እርስዎ ነዎት እንጂ። እሷን ማንም አይነካትም።»

«እሷንማ አልረሳትም።» ዘውዱን መልሶ አጠለቀው፤ ቲያትሩ ካለቀ ግማሽ ሰዓት አልፎት ነበር። «መቼም ንጉሥ ቀን ሙሉ ሲጮኽ መዋሉ እኔንም ደስ አይለኝም ነበር።»

«ውሸታም» አለችው መብርሂት ከልብሶቹ መሀል። «ደስ የሚልህ እሱ ብቻ ነበር።» ከዚያ ወደ ተኽላይ ዞራ ኩታዋን ጠየቀች፤ ተንበርክኮ ስላቆሸሸው አጥቦ እንዲመልስም አሳሰበችው።

ራሕዋ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «ጋሽ ተኽላይ፣ ጸሐፊው ግን ይቀራል። ደብዳቤውን የሚያነበው ጸሐፊ ነው፤ ያም ትክክል ነው። እርስዎ ያነቡታል።»

«እኔ? እኔ የዕቃ ሰው ነኝ፤ ዕቃውን ማን ያቀብላል?»

«አንብበው ሲጨርሱ ወጥተው ያቀብላሉ።»

ተኽላይ አንገራገረ። ሰኞም አንገራገረ። ማክሰኞ መነጽሩን አውልቆ ማንበብ ይችል እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ሲሞክር ቅድስት አየችው።

በሚቀጥለው እሑድ የወንድምየውን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል፣ ያለ መነጽር፣ በንጉሡ ፊት አነበበ። እጅ ነሥቶ ወጣና ጥጉ ላይ ቆመ። ኪዱ አደግድጎ ወደ ዙፋኑ ቀረበ፣ ጆሮውን አዘነበለ። ገብረጻድቃን ጎንበስ ብሎ ብዙ ነገረው። ኪዱ ተነሥቶ የመጀመሪያውን መስመር አወጀ፤ ድምፁ የቆርቆሮውን ጣሪያ ነካው። እንደገና አዘነበለ። በሦስተኛው ላይ ግን የኪዱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ ጥቂት ቆየ። ተመልካቹ አፈ ንጉሡ በፍርዱ ክብደት ልቡ የተነካ መሰለውና ይበልጥ ጸጥ አለ።

ገጽ ተኩሉ አልቆ፣ ንጉሡ ተነሥቶ ወንድሙን አስጠርቶ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ኪዱ ዙፋኑ ሥር ተዘረረ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ! ፍርዱን ካልነገርከኝ ዝም በለኝ። ስለ ሽንብራ አሳ ምን አገባኝ?»

«ሚስቴ በሾርባ አድርጋ ሠርታ ነው የላከችልኝ። ለማን ልንገር?» አለ ገብረጻድቃን። «አፈ ንጉሥ የሆነ ሰው ንጉሡ የሚለውን ሁሉ ይሰማል። መርጦ የሚያወጣው እሱ ነው።»

«እና ይህን ሁሉ ሰዓት ስለ ምሳ ነበር?»

«ስለ ምሳ ብቻ አይደለም፤ አራተኛው መስመር ላይ ስለ ጉልበቴ ነግሬሃለሁ።»

ተኽላይ ከጥጉ ወጥቶ ጎራዴዎቹን መሰብሰብ ነበረበት፤ መልእክተኛው ጋሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄዷል፣ ቢወድቅ ይጮኻል። ሆኖም ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። መብርሂት መጥታ ከፊቱ ቆመች፣ እጇን ዘረጋች፣ ኩታዋን ጠየቀች። እሱም መሳቁን ሳያቆም ወገቡ ላይ ያለውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ።